የሰርካዲስ ጉሮሮ

መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወረድ ብሎ ተማሪዎች ቤት በሚከራዩበት ሰፈር፣ ሰርካዲስ የምትባል ሴት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ከሸዋም ይምጣ ከጎጃም፣ የቤቱ ሽሮ ያማረው ተማሪ ሁሉ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው። ተወልዳ ያደገችው ደብረ ብርሃን ነው። መቀሌ የመጣችው ልዑልሰገድ የሚባል የፊዚክስ መምህር አግብታ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ትግርኛውን እንደ አገሬው ታቀላጥፈዋለች። ስትቆጣና ስትጸልይ ብቻ ወደ አማርኛዋ ትመለሳለች።

ነገሩ የጀመረው የልዑልሰገድ የእህት ልጅ ሲዳር ነው። የሙሽራው አጎት ሰርግ ቤቱን እየዞሩ ሲያጎርሱ እሷም ዘንድ ደረሱ። "በሞቴ!" አሏት። ጉርሻው ትልቅ ነበር፤ ውስጡም ጅማት ያልተለየው ሥጋ ነበረበት። እየሳቀች ተቀበለች። ሥጋው ጉሮሮዋ ላይ ሲሰነቀር ማንም ልብ አላለም። ትንፋሿ ቀጥ አለ። እጇን አወናጨፈች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች። በዙሪያዋ ያሉት የምትጨፍር መስሏቸው አጨበጨቡላት። ዓይኗ መገልበጥ ሲጀምር ነው አንዲት ሴትዮ "ኡይ!" ብላ ዘልላ ጀርባዋን በቡጢ የደበደበቻት። ሥጋው ተስፈንጥሮ ወጣ። ውሃ ሰጧት፣ በነጠላ አራገቡላት፤ ከበሮውም ቀጠለ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ቀመሰች። አኘከች፣ ደግማ አኘከች። ምግቡ አፏ ውስጥ ላመ፣ ቀጠነ፤ ጉሮሮዋ ግን እምቢ አለ። ልትውጥ ስትል አንገቷ ስር አንድ ነገር ጭምድድ ይልባታል። ልቧ ይመታል፣ መዳፏ በላብ ይርሳል። በመጨረሻ በሶፍት ተፋችው። "ቁስለት ነው፣ ይሽራል" አለች። ሳምንቱን በአጥሚትና በሾርባ አሳለፈች። ሌላ ሳምንት መጣ። ወሩም ወጣ። ጉሮሮዋ ከፈሳሽ በቀር የሚያሳልፍ አልሆነም።

የወጥ ጨው የምትለካው በምላሷ ነበር። አሁን ቀምሳ ወደ ማጠቢያው ዞር ብላ ትተፋለች። አብራት የምትሠራው ሉላ ይህን ካየች በኋላ ሳትጠየቅ ማንኪያውን ትቀበላትና እሷ ትቀምስላታለች። ተማሪዎቹ ምንም አያውቁም። "እትዬ፣ ከስተዋል! ጾም አበዙ እንዴ?" ይሏታል። ትስቃለች። ሌላ ምን ታደርግ?

ዓይደር ሆስፒታል ሄዱ። በቀጭን ቱቦ ጉሮሮዋን እስከ ጨጓራዋ ድረስ መረመሯት። "እናቴ፣ ምንም የለም፤ ንጹሕ ነው" አላት ወጣቱ ሐኪም። ልዑልሰገድ "ተመስገን!" ብሎ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሰርካዲስ ግን ከአልጋው ወርዳ ጫማዋን ስታጠልቅ ተመስገን አላለችም። ቁስለት ቢሆን ኪኒን ይኖረዋል፤ ዕጢ ቢሆን ይቆረጣል። የሌለ ነገር በምን ይድናል?

ወደ ቤት ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ባሏ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እንግዲህ ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል። በጃኺ ሰርኬ፣ እባክሽ፣ ዛሬ ትበያለሽ።"

"እሺ" አለችው።

አልበላችም። እሱም ጥቂት ቀን ለመነ፣ ጥቂት ቀን ተቆጣ። አንድ ጊዜ ሳህኑን ገፍቶ ተነሣና፣ "በዚያ በክፉው ጊዜ የሚበላ ጠፍቶ ስንት ቀን ጦማችንን አድረናል! አሁን ምግብ ሞልቶ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ደነገጠ፤ ተመልሶም አጠገቧ ተቀመጠ። እሷም ያንኑ ታስብ ነበር። ያኔ እፍኝ ቆሎ ለሁለት ሲካፈሉ ጉሮሮዋ አንድም ቀን አላስቸገራትም።

ጸበልም ሄደች። ጸበሉ ፈሳሽ ነውና ያለ ችግር ወረደላት።

ትምኒት የምትባለውን የሥነ ልቦና ባለሙያ የጠቆሟት በመጨረሻ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ያዩዋት ሐኪም ናቸው። ትምኒት በአንድ ክሊኒክ ውስጥ በሂፕኖቴራፒ፣ በድምፅ እያረጋጋች ወደ ተመስጦ በማስገባት፣ ታክማለች ተባለ። ጎረቤቷ ምንትዋብ ይህን ስትሰማ አማተበች። "አፍዝ አደንግዝ ነው እኮ! አፍዝዘው የሆድሽን ሁሉ ያናግሩሻል" አለቻት። ሰርካዲስ አልፈራችም። እንዲያውም ነገሩ ምንትዋብ እንዳለችው እንዲሆን ተመኘች። የሚያፈዝዛት፣ የሚያደነግዛት፣ እሷ ሳታውቅ ጉሮሮዋን ከፍቶ የሚመልስላት ሰው ነበር የፈለገችው።

ትምኒት ከጠበቀቻት በላይ ወጣት ነበረች። ክፍሏ ውስጥ የሚወዛወዝ ሰዓትም የተጋረደ መስኮትም የለም። አንድ ዘንበል የሚል ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጆግ ውሃ ብቻ።

"በየትኛው ቋንቋ ይሁንልዎት፣ አደይ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ትግርኛ እችላለሁ።"

"እሱን ሰምቻለሁ። ልጅ ሆነው ሲያለቅሱ ያባበሉዎት በየትኛው ነው?"

"በአማርኛ።"

"እንግዲያስ በአማርኛ እንሞክራለን። ስሳሳት ይታገሱኝ።"

ሰርካዲስ የከነከናትን ጠየቀች። "ታስተኚኛለሽ አይደል?"

"አይ፣ አይተኙም። ድምፄን ይሰማሉ፣ የውጭውንም ጫጫታ ይሰማሉ። ሐሳብ ይዞዎት ጭልጥ ብለው፣ ሰው ሲጠራዎት ሳይሰሙ ቀርተው አያውቁም? ለዚያ የሚቀርብ ነው። ምስጢር አላወጣልዎትም። የማይፈልጉትን ነገርም ላሠራዎት አልችልም። ካልተመቸዎት ዓይንዎን ገልጠው መነሣት ይችላሉ።"

"ታዲያ ጉሮሮዬን ማን ይከፍተዋል?"

"እርስዎ። እኔ አብሬዎት እሄዳለሁ እንጂ።"

ትምኒት ይህን ያለችው ልታረጋጋት ነው። ሰርካዲስ ግን ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ አየች። እዚህም መጥታ ነገሩ ተመልሶ እሷው እጅ ላይ ወደቀ። እሷ የምትችል ብትሆን ኖሮ እዚህ ምን አመጣት?

"የሐሰት ተስፋ አልሰጥዎትም" አለች ትምኒት። "ቶሎ የሚሆንለት ሰው አለ፤ ጊዜ የሚወስድበትም አለ፤ ጭራሽ የማይሠራለትም አለ። በአንድ ቀን አያልቅም።" ሐሳብንም ሐሰትንም ስትናገር "ሐ"ዋ እንደ ትግርኛው ከጉሮሮዋ ጥልቅ ነበር የሚወጣው። ሰርካዲስ ያን የተከፈተ ጉሮሮ ሰምታ ቀናች።

የመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይሆን አለፈ። ዓይኗን ጨፍና "ትንፋሽዎን ይከተሉ፣ ትከሻዎ ይውረድ፣ እጅዎ ይክበድ" የሚለውን ስትሰማ፣ ኮሪደሩ ላይ የሚጎተት ወንበርም፣ ውጭ የሚጮህ ባጃጅም ይሰማታል። አፍንጫዋን በላት፤ ማከክ ይፈቀድ እንደሆነ ስላላወቀች ታገሠች። መቼ ነው የሚጀምረው እያለች ስትጠብቅ፣ ትምኒት "አሁን ቀስ ብለው ዓይንዎን ይግለጡ" አለቻት። ወጥታ ባሏን ስታይ፣ "ምንም አልሆንኩም" አለችው። እሱም እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት አየ።

በሚቀጥለው ጊዜ ትምኒት ሰላም የሚሰማትን ቦታ እንድታስብ ጠየቀቻት። ሰርካዲስ ፈለገች። የእናቷን ቤት አሰበች፤ እዚያ ግን ገበታ ቀርቧል። ቤተ ክርስቲያን አሰበች፤ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ጸበል ጻዲቅ ይታደላል። የትም ብትሄድ ምግብ ቀድሟት ይጠብቃታል። በመጨረሻ ያገኘችው ከዓይደር የሚመለሰውን ሚኒባስ የኋላ ወንበር ነበር። እዚያ ማንም ብዪ አይላትም።

ስትነግራት ትምኒት አልሳቀችም። "ጥሩ ቦታ ነው። መስኮቱ ጋ ይቀመጡ" አለችና በለሆሳስ ትነግራት ጀመር፦ የመስኮቱን ሙቀት፣ የመኪናውን ንዝረት፣ ወደ ኋላ የሚቀረውን መንገድ። መሐል ላይ አማርኛው ጠፋባትና ቀስ በይ ለማለት "ቀስ ኢልኪ፣ ቀስ ኢልኪ" አለች። ሰርካዲስ እጇ ጭኗ ላይ እንደ እርጥብ ሊጥ ከብዶ ተሰማት። ጉሮሮዋ ከሩቅ ያለ፣ የሌላ ሰው ነገር መሰለ። እንባዋ ሲወርድ ያወቀችው አገጯ ላይ ሲደርስ ነው።

ብዙ ሳምንት እንዲህ ተመላለሰች። አንድ ቀን ትምኒት የተቀቀለ ድንች በሹካ አድቅቃ አቀረበችላት። ዓይኗን እንደ ጨፈነች፣ እዚያው የኋላ ወንበሯ ላይ እንዳለች፣ በማንኪያ ጫፍ ተቀበለች። አፏ ውስጥ ሞቀ። ጭምድዱ መጣ፤ ትምኒት "ይምጣ፣ አብሮን ይሂድ፤ መኪናው አይቆምም" አለቻት። ድንቹ ወረደ። ሰርካዲስ ዓይኗን ገለጠች።

"ወረደ?" አለች፣ ሌላ ሰው የዋጠ ይመስል።

"ወረደ።"

ልዑልሰገድ ደጅ ላይ ሲሰማ ግንባሯን ሳመ። ስህተቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ለእሁድ ምሳ እህቱን ጠራ፣ ምንትዋብን ጠራ፣ የምትወደው የበግ አልጫ ተሠራ። "ዛሬ ሰርኬ ትበላለች!" አለ። ሁሉም እጁን ታጥቦ፣ ሁሉም አፏን እያየ ተቀመጠ። ሰርካዲስ ዓይኗን ጨፈነች፤ መኪናውን ፈለገች፤ አልመጣም። የመጣላት የሰርጉ ጭብጨባ ነው። የቆረሰችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ቆይቶ የባሏ እህት፣ "እልኸኛ ናት እኮ፣ ድሮም" ስትል ሰማች።

ከዚያ ቀን በኋላ ድንቹም አልወርድ አለ። ክሊኒኩም ውስጥ፣ የትምኒት ድምፅ እያለም።

"ወደ ፊት ሄደን ወደ ኋላ መመለስ ያለ ነው" አለቻት ትምኒት። ሰርካዲስ ግን ፊቷ ላይ ድካም አየችባት። "ሌላ የማላውቀው ነገር ይኖር እንደሆነ ከአስተማሪዬ ጋር እመክራለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ለምን እዚህ ላይ እንደ ቆመ አላውቅም።" ሰርካዲስ ሳታስበው "አይዞሽ" አለቻት።

የዚያን ዕለት ልዑልሰገድ ሳይጠሩት ገባ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በትግርኛ፣ "እኔስ ምን ላድርግ?" አላት። ትምኒትም፣ "ስትበላ አያዩዋት። አጠገቧ ሆነው ሌላ ሥራ ይሥሩ" ብላ መለሰችለት።

ያን ያህል ቀላል ነገር፣ ያን ያህል ሲከብደው ሰርካዲስ ቀን በቀን አየች። ማታ ማታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጎኑን ሰጥቷት ይቀመጥና የተማሪዎቹን ፈተና ያርማል። እሷ ድንቿን ታደቅቃለች። ክብደቷ መቀነሱን አቁሟል፤ አልጨመረም ግን። የሚወርድበት ቀን አለ፤ የማይወርድበት ቀን ይበልጣል። ክሊኒኩንም አልተወችም፤ መተውም መቀጠልም እኩል አስፈርቷት ትመላለሳለች።

ትናንትም እንዲሁ ተቀምጠው ነበር። ማንኪያውን ወደ አፏ አቀረበች። የባሏ ብዕር ወረቀቱ ላይ ይጭራል፣ ይጭራል። እሷ ማኘክ ስትጀምር ብዕሩ ቆመ። ቀና አላለም፣ አላያትም፤ ብዕሩን አንሥቶ በጆሮው ብቻ ይጠብቃል። ቀጥል፣ ጻፍ እንዳትለው አፏ ሙሉ ነው። እሱ ብዕሩን እንደ ያዘ፣ እሷ ድንቿን እንደ ጎረሰች ቆዩ። በመጨረሻ ሶፍቱን ስባ ተፋችው።

ብዕሩ ወዲያው መጻፍ አልጀመረም።