ተካ ያላየው የአስመራ እሽቅድምድም

ባለቤቴ ተካ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ቢስክሌት እየጠገነ የሚያከራይ ሰው ነበር። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረው፤ አስመራ ሄዶ የቢስክሌት እሽቅድምድም በዓይኑ ማየት። ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፍ ሲወጣ ቆርጦ የሱቁ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ውጤቱን በራዲዮ ይሰማል። "ራዲዮኑ ማን እንዳሸነፈ ይነግረኛል፤ እንዴት እንዳሸነፈ ግን አይነግረኝም" ይል ነበር።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ በየካቲት ወር፣ ልጆቻችንን ለእናቴ ትተን ተነሣን። እኔ ስለ ቢስክሌት የማውቀው ከባሌ ሱሪ ላይ ቅባት ማስለቀቅ ብቻ ነበር። የሄድኩት "ብቻዬን አልሄድም፤ አይቼ ለማን አወራዋለሁ?" ስላለኝ ነው።

ከኮልፌ እስከ ደሴ

በማለዳ በጋሪ ወደ አውቶቡስ ተራ ወረድን። ተካ የሠርጋችንን ኮት ለብሷል። ትክ ብዬ ሳየው፣ "ለአስመራ ነው" አለኝ አፍሮ።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ከጣርማ በር ዋሻ ስንወጣ ከታች የተዘረጋው ገደል በጭጋግ ተሞልቷል። ቁልቁለቱን ላለማየት ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ሳብኩ። ተካ ግን መስኮቱን ከፍቶ በደስታ ያያል።

"ይኼን በቢስክሌት ብትወርጂው ፍሬን አትነኪም" አለኝ። "ጎንበስ ማለት ብቻ ነው።"

"እኔ በአውቶቡስም ፈርቻለሁ።"

ከኋላችን የተቀመጡ ሽማግሌ ነጋዴ ሰምተውን ኖሮ፣ "ልጄ፣ ተወዳዳሪ ነህ?" አሉት።

"አይደለሁም አባባ፤ ጠጋኝ ነኝ። ሲወዳደሩ ለማየት ነው የምሄደው።"

"ለማየት ብቻ? እስከ አስመራ ድረስ?"

"ለማየት ብቻ።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስነግድ ለማየት ብቻ የሄድኩበት አገር የለም" አሉ። ትዝብት ይሁን ቅናት አልገባኝም። ሮቢ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ግን ሙዝ ገዝተው ለተካ ሰጡት፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ።

ደሴ አደርን። ቤርጎው አንድ አልጋ በብር ከሃምሳ ነው። ብርድ ልብሱ ስስ፣ ጥብሱ ግን ጥሩ ነበር። ተካ እስኪበርድ ድረስ ሳይነካው ስለ ዳገትና ስለ ማርሽ ሲያወራልኝ ቆየ።

ኮረም ላይ

በማግስቱ ወልድያንና ቆቦን አልፈን አላማጣ ስንደርስ ሙቀቱ ከበደ። ከዚያ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ ይጀምራል፤ ተራራውን እንደ መቀነት የሚጠመጠም ዳገት። ተካ እዚህ ላይ ይፈነድቃል ብዬ ስጠብቅ፣ የኮቱን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረ። ላዩ ላይ ስንወጣ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።

በወጣትነቱ አዋሽ በረሃ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ የያዘችው ወባ አልፎ አልፎ ታገረሽበታለች። ለእኔ አዲስ አልነበረም። መቀሌ ስንገባ ግን ግንባሩ እንደ ፍም ይፋጅ ነበር።

"ነገ እዚህ እንዋል፤ ሐኪም ይይህ" አልኩት።

"ከዋልን ውድድሩ ያልፈናል። አስመራስ ሐኪም የለም?"

"ተካ!"

"አንድ ቀን ብቻ ነው የቀረኝ" አለኝ። እንዲህ ሲለምን ሰምቼው ስለማላውቅ እሺ አልኩ።

አስመራ

አዲግራትን፣ ሰንዓፈን፣ ደቀምሐረን ያለፍኩት እንደ ሕልም ነው። በየኬላው ወታደሮች ያስወርዱናል፤ ተካን እየደገፍኩ አወርዳለሁ፣ እየደገፍኩ አሳፍራለሁ። አመሻሽ ላይ አስመራ ገባን። መንገዱ ጽዱ፣ ዘንባባው በረድፍ የቆመ ነው። ያረፍንበት ቤርጎ ባለቤት ወይዘሮ ለተብርሃን የሚባሉ ደግ ሴት ነበሩ። ራሳቸው ፋርማሲ ሄደው ኪኒን አመጡልን።

በማግስቱ እሑድ ነው፤ የውድድሩ ቀን። ተካ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውንም አሰረ። በሩ ጋ ሲደርስ መቃኑን ይዞ ቁጭ አለ። ወይዘሮ ለተብርሃንና እኔ ተጋግዘን አልጋው ላይ መለስነው።

"አንቺ ሂጂ" አለኝ።

"አንተን ጥዬ የት ልሂድ?"

"ሁለታችንም ሳናየው ልንመለስ ነው? ሂጂ እንጂ! ጀመሩ እኮ።"

"አጆኺ፣ አይዞሽ ልጄ" አሉኝ ወይዘሮ ለተብርሃን። "እኔ አለሁለት።"

ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

ሕዝቡ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቶታል። ሰገነቶቹም ሰው በሰው ናቸው፤ ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌ ጣሊያኖች ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አጠገቤ የቆመችውን ሴት ጃንጥላ ሳይ ተወዳዳሪዎቹ ጎማቸው እንደ ንብ መንጋ እየጮኸ መጡ፤ ዞር ስል ጀርባቸውን ብቻ አየሁ። ደግነቱ ከተማውን እየዞሩ ስለሚመለሱ ደጋግመው አለፉ። በኋለኛው ዙር አረንጓዴ ማልያ የለበሰ ወጣት መታጠፊያው ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ደም በደም ሆነ። ተነሣ፤ ቢስክሌቱ አልሽከረከር ሲለው ተሸክሞት ይሮጥ ጀመር። በፊቴ ሲያልፍ እንባዬ መጣ።

ስመለስ ተካ ትራሱን ተደግፎ እየጠበቀኝ ነበር።

"ማን ነበር የመራው?"

"ቀይ የለበሱት ከፊት ነበሩ መሰለኝ።"

"መታጠፊያው ላይ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነው የሚረግጡት ወይስ ተቀምጠው?"

"እሱን ልብ አላልኩም።"

"ማን አሸነፈ?"

"ሰው ከለለኝ፣ ተካ።"

ስለወደቀው ወጣት ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። "ጨረሰ?" አለኝ።

"አላውቅም።"

በመስኮቱ ሥር ሕዝቡ ስለ ውድድሩ እየተከራከረ ያልፋል። በትግርኛ ስለሆነ አንዱም አልገባንም። ተካ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኮልፌ

ሲሻለው ተመለስን። ሱቁ እንደተከፈተ ደንበኞቹ ከበቡት። "እህ ተካ፣ እንዴት ነበር?" ይዋሻል ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ቢዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን ወንበር ሳበልኝና፣ "እኔ ታምሜ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ያየችው እሷ ናት፤ እሷን ጠይቋት" አለ። እያፈርኩ አወራሁላቸው። እሱ አጎንብሶ ሰንሰለት ይቀባል፤ ስለወደቀው ወጣት ስደርስ ግን እጁ ቆመ።

"ለከርሞ እንሄዳለን" ተባባልን። ለከርሞ መንገዱ ከፋ፤ አውቶቡሶች ከመንገድ ይመለሱ ጀመር። ቀጥሎ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነቱም ባሰ። ተካ አስመራን ዳግመኛ ሳያይ ዐረፈ።

"አንቺ እንኳ አየሽለት" የሚሉኝ አሉ። አላየሁለትም። እኔ ያየሁት የራሴን ነው፤ ጃንጥላውን፣ ሰገነቱን፣ የወጣቱን ጉልበት። እሱ ያን ሁሉ ዓመት ሊያየው የፈለገው ሌላ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ አላውቅም። ያን ዕለት ከክፍሉ ስወጣ አንድ አፍታ ቆም ብዬ፣ "ምኑን ልይልህ?" ብዬው ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር። ውድድሩ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ወጣሁ።