የፉርጎ ድምፅ የእኔ አልነበረም

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ኤሌክትሪክ ያዘኝ። ቦታው ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ያለ የሲኒማና የትርኢት አዳራሽ ነው፤ ባለቤቱ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖሮም አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። "ኤሌክትሪክ ትፈራለህ?" ሲለኝ "አልፈራም" አልኩ። ወዲያው የድምፅ ማጉያውን ጀርባ ከፍቼ ስጎረጉር ኤሌክትሪኩ አንስቶ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ሙሴ ያኒ ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም።

"አሁንስ?"

"አሁን እፈራለሁ።"

"ጥሩ። ነገ ጠዋት ና" አለኝ።

በየነ እባላለሁ። ከዚያ በፊት በባቡር ጣቢያው፣ በለገሃር አካባቢ ሬዲዮ እጠግን ነበር። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ጊዜ ነው። እኔ ቁጭ ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ተቀምጫለሁ። ማዕረጌ "ሁለተኛ መካኒክ" ነበር። አንደኛ መካኒክ የሚባል ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም።

ሥራዬ እሁድ እሁድ ነበር የሚበዛው። ትርኢቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲልና ሰዉ ከጫት በርጫው ሲነሳ ነው። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ ሽቦ እዘረጋለሁ፣ ማይክሮፎን እተክላለሁ፣ በማጉያው ሆድ ያሉት የመስታወት ላምፓዎች እስኪግሉ እጠብቃለሁ። ሁለት ዘፋኝ ካለ ሁለት ማይክሮፎን ይተከላል። አንዱ ሲዘፍን የሌላውን ቁልፍ ዝቅ ታደርጋለህ፤ አለዚያ ማጉያው ያፏጫል፣ ሕዝቡም ተከትሎ ያፏጭብሃል። ይህን ነገር ለዓመታት ከሠራኸው እጅህ አንተን ሳያማክር ያደርገዋል።

አሚና የመጣችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቀጠን ያለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጆንያ በክንዷ ያቀፈች የመጋላ፣ የገበያው ሰፈር ልጅ። እናቷ ሽንኩርት ትቸረችራለች። ሙሴ ያኒ ከላይ እስከ ታች አያትና "ትዘፍናለህ?" አላት።

"አልዘፍንም።"

"ትጨፍራለህ?"

"አልጨፍርም።"

"ታዲያ ምን መጣ?"

መልሱ የመጣው ከጆንያው ነው። "አቦ አውጪኝ! ሙቀቱ ጨረሰኝ እኮ!" አለ አንድ የጎረነነ የሽማግሌ ድምፅ። ሙሴ ያኒ ብድግ ብሎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔማ ከመሰላል ልወድቅ ነበር። አሚና ፈገግ ብላ ቆማለች፤ ከንፈሯ ንቅንቅ አላለም።

ከጆንያው የወጣው ፉርጎ ነው፤ በባቡሩ ዕቃ መጫኛ ፉርጎ ስም የተጠራ የእንጨት አሻንጉሊት። የባቡር ጥገና አናጢ የሆነው አጎቷ ጠርቦ የሠራላት ነው። የኮንትሮለር ቆብ አድርጓል፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አገጩ በሲባጎ ይንቀሳቀሳል። ሥራው መንገደኛን ትኬት መጠየቅ ነው። በባቡራችን ፈረንሳይኛ ትኬት "ቢዬ" ነው የሚባለው፤ ፉርጎም የአፉ መክፈቻ "ቢዬ!" ነበር።

በመጀመሪያው እሁድ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

"ሴትዮ፣ ቢዬ!"

"ባሌ ጋ ነው።"

"ባልሽስ የት አለ?"

"ቢዬ ሊገዛ ወርዶ ቀረ።"

"መቼ ነው የወረደው?"

"ሦስት ዓመቱ።"

"ውይ የኔ እናት! የጠፋብሽ ቢዬው መሰለሽ? ነይ ግቢ፣ እኔ አላገባሁም!"

አዳራሹ ተናጋ። አንድ ወፍራም ነጋዴ እንባውን በሽርጡ ጫፍ ሲጠርግ አይቻለሁ። ፉርጎ ከፊት የተቀመጡትን በአማርኛ፣ መሐል ያሉትን በኦሮምኛ፣ ከኋላ የቆሙትን በሶማልኛ እየሰደበ ለሁሉም አዳረሳቸው። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ ነበር። አፏን ነበር የማየው። "ብ" እና "ም" ከንፈር ሳይገጥም አይወጡም፤ እናንተም መስታወት ፊት ቆማችሁ ሞክሩት። እኔ ስሞክር ምራቄ አገጬ ላይ ነው የወረደው። እሷ ግን ከቃል ሁሉ መርጣ ለፉርጎ የሰጠችው "ቢዬ"ን ነው። በማግስቱ "ምነው ቀለል ያለ ቃል አልመረጥሽም?" ብላት፣ "ቀላሉንማ ማንም ይለዋል" አለችኝ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንደዚያች ሴት ያደነቅሁት ባለሙያ የለም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እሁድ አልደርስ እያለኝ አዳራሹን ስዞር እውል ነበር።

በአራተኛው እሁድ ሙሴ ያኒ አዲስ ማይክሮፎን ይዞ መጣ። "ሁለት ሰው፣ ሁለት ማይክሮፎን" አለ። አሚና "ፉርጎ እንጨት ነው እኮ ሙሴ" ብትለው አልሰማትም። ወደ እኔ ዞራ "እንግዲህ ትከለው። ሁለቱንም ክፍት አድርግና እጅህን ከቁልፉ አንሳ፤ እሺ በየነ?" አለችኝ። "እሺ" አልኩ።

እሺ ብዬ ነበር። ግን ፉርጎ መናገር ሲጀምር እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ አየሁት፤ እንጨት መሆኑን ረሳሁ። የእሷ ተራ አልፎ የእሱ ተራ ሲመጣ እጄ እንደ ልማዱ የእሷን ማይክሮፎን ዝቅ፣ የፉርጎን ከፍ አደረገ። የፉርጎ አገጭ ይንቀሳቀሳል፣ ከማጉያው ግን ድምፅ አይወጣም። የማጉያ ሠራተኛ ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ለእንጨት ማይክሮፎን ከፍቼ የሰው አፍ ዘጋሁ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። አሚና አልደነገጠችም። ፉርጎን አየችው፣ ፉርጎም አያት። ከዚያ አንገቱን ቀስ አድርጎ ወደ እኔ አዞረና ያለ ማጉያ እየጮኸ፣ "ዋሪያ! አንተ ከማጉያው ሳጥን ኋላ! ድምፄን ያለ ቢዬ የት ነው ያሳፈርከው?" አለኝ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔ በድንጋጤ የእሷን ቁልፍ ከፍ አደረግሁ፣ የፉርጎ ድምፅ በማጉያው ተመለሰ። ትርኢቱን ያዳነችው እሷ ናት። ሕዝቡ ያየው ግን እኔ ቁልፍ ስነካ ድምፅ ሲጠፋ፣ ቁልፍ ስነካ ድምፅ ሲመጣ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ቤት ስገባ "አቦ፣ ለካ ፉርጎ አንተ ነህ!" ብለው ተቀበሉኝ። አንዱ ወንበር ይስባል፣ ሌላው ሻይ ያዛል። "ሴትየዋማ አሻንጉሊት ያዥ ናት፣ ድምፁ ከሳጥኑ ነው" አለ አንድ ሾፌር። አይደለም አላልኩም። ነኝም አላልኩም። "እንግዲህ ሥራ ነው" ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ሙሴ ያኒም ጠርቶ "በየነ፣ ድምፅ አንተ ይሠራል?" ሲለኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ጣፈጠኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? በመንገድ ሳልፍ "ፉርጎ! ፉርጎ!" ሲሉኝ ደረቴ ይነፋ ነበር።

አሚናም ወሬው ደረሳት። "ሙሴ ይህን ነገር አምኖ ይሆን እንዴ?" አለችኝ በሳምንቱ።

"ኧረ አያምንም!" አልኳት። ማመኑን አውቅ ነበር።

ከዚያ እሁድ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ሙሴ ያኒ ከሽቶ መሸጫ አንዲት ፀጉሯን የተተኮሰች ቆንጆ ልጅ አመጣ። ከህንድ ሱቅ የተገዛ አዲስ አሻንጉሊትም አስታቅፏታል። አሚናን ጠርቶ "አንተ ጥሩ ልጅ ነህ። ግን ድምፅ የበየነ ነው። ከእሁድ ጀምሮ ይህ ልጅ ይይዛል" አላት። እኔ በሩ ላይ ሽቦ ስጠቀልል ሰማሁ። ቁርጥ አድርጎ ነው የተናገረው። ለእሷ በከተማው ሌላ መድረክ አልነበረም፤ ከዚህ ከወጣች መመለሻዋ የእናቷ ሽንኩርት ነው።

አሚና ወደ እኔ መጣች። "ምን አልከው?"

"ምንም አላልኩትም።"

"ምንም አለማለትህን ነው እኮ የምጠይቅህ" ብላ ጆንያዋን ይዛ ወጣች።

ያን ቀን የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ከላይ እስከ ታች ተመላለስኩበት። አንድ ቦታ መቆም አልቻልኩም፤ ቆሜ ሳስብ ራሴን እጠላለሁ። በማግስቱ ሙሴ ያኒ ዘንድ ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀብኝ። "አንተ አዘነ ለእሷ። እሷ ሄደ፣ አለቀ። እሁድ ድምፅ ትሠራለህ" አለኝ። ማልኩለት፣ ተገዘትኩለት፤ አልሰማኝም። ዝምታዬን አምኖ ንግግሬን ሊያምን አልቻለም።

ቅዳሜ መጋላ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በር ላይ ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። "አንተ ነህ የልጄን አፍ የቀማኸው?" አሉኝ።

"ልመልስ ነው የመጣሁት እማማ።"

አሚና ፉርጎን በክንዷ ይዛ ከውስጥ ብቅ አለች። አላናገረችኝም። ፉርጎ ነው ያናገረኝ። "ለዚህ ሰው እኔ እበቃዋለሁ" አለ አገጩን እያንቀጫቀጨ። "ነገ እንመጣለን። ሽቦህን ግን ንቀል።"

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሙሴ ያኒ ከእንግዶቹ ጋር ከፊት ተቀምጧል። ቆንጆዋ ልጅ መድረክ ላይ አሻንጉሊቷን አቅፋ ድምፁን ከእኔ ትጠብቃለች፤ እሷም ምን ታድርግ። እኔ ከሳጥኔ ኋላ ተነሳሁና ዋናውን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልኩት። ጫፉን በእጄ ይዤ መድረኩ ፊት ቆምኩ።

"ይኸው ሳጥኑ ሞቷል" አልኩ። "የፉርጎ ድምፅ የእኔ አይደለም። አንድም ቀን የእኔ ሆኖ አያውቅም። የአሚና ነው።"

ጉምጉምታ ሆነ። ሙሴ ያኒ ፊቱ ቀልቶ ተነሳ። አፉን ሳይከፍት ከኋላው በር ፊሽካ ተነፋ።

"ቢዬ! ቢዬ! ቢዬ የሌለው ይውረድ!"

አሚና ፉርጎን ይዛ በመሐል መተላለፊያው መጣች። ያለ ማይክሮፎን፣ ያለ ማጉያ፣ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ እየተሰማች። አንዱን "አንተ ሥጋህ ሁለት ቢዬ ይፈልጋል!" ትለዋለች፣ ሌላዋን በኦሮምኛ ታሽሟጥጣለች፣ ጥግ የቆሙትን በሶማልኛ ትሰድባለች። ሰዉ ወንበር ላይ ቆሞ ከንፈሯን ያያል፤ ከንፈሯ ዝም ብሏል። ሙሴ ያኒ ፊት ስትደርስ ፉርጎ አንገቱን አስግጎ አፈጠጠበት።

"ሙሴ፣ ቢዬ!"

ሙሴ ያኒ እጁን ኪሱ ከተተ። ወላሂ ከተተ! የገዛ አዳራሹ ውስጥ የደረት ኪሱን፣ የሱሪ ኪሱን እያገላበጠ ትኬት ፈለገ። ሰዉ ሲጮህ ነው የነቃው። ከዚያ እሱም ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ያን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ፉርጎ መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረ። "ያንተስ?" አለኝ። በእጄ የያዝኩትን የሽቦ ጫፍ ዘረጋሁለት።

ሰኞ ዕለት በአዳራሹ በር ሰሌዳ ላይ የአሚና ስም በትልቁ ተጻፈ። ከዚያ በፊት የሚጻፈው የፉርጎ ስም ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት ሠራች። ማይክሮፎን ዳግመኛ ፊቷ አላስተከለችም፤ እሷ ስትገባ እኔ ማጉያውን አጥፍቼ ከሕዝቡ ጋር እቀመጣለሁ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ለእኔ በራሷ ድምፅ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። "በየነ እንዴት አደርክ"፣ "በየነ ወንበሩን አንሳልኝ"፣ "በየነ ዛሬ ፊትህ ገርጥቷል"፤ የሚለኝ ሁሉ ፉርጎ ነው። ሰዎች ቀልድ ይመስላቸውና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ ትልቅ አዳራሽ ሲጠራት ልሸኛት ለገሃር ሄድኩ። ፉርጎ በሣጥን ተቆልፎ ከጓዟ ጋር ተጭኗል። እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እኔ ከታች ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ባቡሩ ሊነሳ ሲል ነው የወጣኝ። "አሚና፣ ይቅር በይኝ።"

ከመስኮቱ ጎንበስ አለች። ከዚያ በራሷ ድምፅ፣ ከንፈሯን አንቀሳቅሳ፣ "ያኔ በማግስቱ ብትነግረኝ ኖሮ እኮ እስቅበት ነበር" አለችኝ። ባቡሩ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በድምፅ ሥራ ላይ ቆየሁ። በዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች ይህን ያዙልኝ። የሌላ ሰው ሥራ በስማችሁ ሲጠራ "የእኔ አይደለም" በሉ። በሰዓቱ ካልሆነላችሁ በማግስቱ በሉት። ከዚያ ካለፈ ብትናገሩም ማንም አያምናችሁም፤ የተበደለው ቢያምናችሁም እንደ ድሮው አያናግራችሁም።