አልነሳም ያልኩበት ወንበር

ከቸርች ወጥተን ፕሌኖ የሚባል ከተማ ልጄ ቤት እንደደረስን፣ «እማ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ። በዚህ ዕድሜ ዓይን ጨፍኚ መባል ደስ ይላል፤ ሰውን ሞኝ ያደርጋል። ክንዴን ይዞ ጋራዡ ውስጥ አስገባኝና የአባቱን አሮጌ መኪና በር ሲከፍት ሰማሁት። የዚያችን በር ድምፅ ከሌላ ጋር አምታትቼው አላውቅም።

«በይ ተቀመጪ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ዓይኔን ሳልገልጥ ነው ያወቅኩት። ወንበሩ የኔ አይደለም።

በእጄ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛና የሚያንሸራትት ነገር ነው። ሽታው ከካርቶን የወጣ አዲስ ጫማ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ልጄ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«ሰርፕራይዝ! ኦሪጅናል ነው እማ። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ዓይነት፣ ከለሩ ሳይቀር!»

«የድሮውስ?»

«የቱ የድሮው?»

«እኔ የሰፋሁት ነዋ!»

ፈገግታው ትንሽ ቀነሰ። «እሱማ ወንበር የሚያለብሰው ሰውዬ ትራሽ አድርጎታል መሰለኝ። ያረጀ ጨርቅ እኮ ነው እማ።»

መሰለኝ አለኝ። እቤት ውስጥ አንድ ካልሲ ሲጠፋው ሦስት ቀን የሚፈልግ ልጅ፣ የዚያን ወንበር መጨረሻ መሰለኝ ብሎ ነገረኝ።

ዞር ብዬ ወደ ኋላ ሳይ የኋላው ወንበር ቦታ ባዶውን ነው፤ ብረት ብቻ። «የኋላው ገና ሱቁ ጋ ነው፣ ሐሙስ ይደርሳል» አለኝ፣ ያጽናናኝ መስሎት። እኔ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ስቆጣ ዝም ነው የምለው። ከመሪው አጠገብ የሱቁ አድራሻ ያለበት ካርድ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወረድኩ።

ስለዚህች መኪና ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ አሮጊቷ ለጨርቅ አበደች ትላላችሁ። አሜሪካ ተሠርታ በወጣትነቷ ስዊድን የገባች ናት። ከኋላዋ ሁለት ክንፍ አላት፤ ቀለሟ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ጠባብ መንገድ ላይ ስትታጠፍ ሰው ቆሞ ነው የሚያሳልፋት። እኔና ባለቤቴ ከካርቱም ስዊድን ስንገባ እሱ ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ውስጥ የአውቶቡስ ጋራዥ ሥራ አገኘ። እዚያ አገር በጋ ሲሆን የአሜሪካ አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች ሁሉ አውጥተው በዋናው መንገድ ቀስ እያሉ ይነዳሉ። የትም አይሄዱም። ይዞራሉ፣ ቋሊማ ይበላሉ፣ እንደገና ይዞራሉ። ባለቤቴ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያያቸው ከኔ ጋር መምጣቱንም ይረሳው ነበር።

ከዚያ አንድ ገበሬ ጎተራ ውስጥ ይህችን አገኘ። ዶሮዎች የፊት ወንበሯ ላይ ጎጆ ሠርተዋል። «ይህቺማ የሞተች ናት» አልኩት።

«አንቺዬ፣ የሞተች ብትሆን ጫጩት ይፈለፈልባት ነበር?» አለኝ።

ስንት ክረምት እንደፈጀችበት አልቆጠርኩም። እዚያ አገር ለበረዶው መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ከሥር ስትታይ ወንፊት ነበረች። እየቆረጠ ጣለ፣ እየበየደ ተካ፣ ስቱኮ ቀባ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። አንዱ መለዋወጫ ከአሜሪካ በፖስታ እስኪመጣ ወቅት ይቀየራል። የሰፈሩ ስዊድኖች መጀመሪያ ጋራዡ በር ላይ እየቆሙ ይስቁበት ነበር፤ ኋላ ራሳቸው ቁልፍ እያቀበሉት ሥሯ ገብተው ይተኙ ጀመር።

ወንበሩ ግን የኔ ሥራ ሆነ። የፋብሪካው ጨርቅ በዚያ አገር የለም። የከተማው ቲያትር ቤት መጋረጃውን ቀይሮ አሮጌውን ሲያወጣ ባለቤቴ ተሸክሞልኝ መጣ፤ ወፍራም፣ ጥቁር አረንጓዴ ከፋይ። ካርቱም ሳለሁ የፍራሽና የትራስ ልብስ እሰፋ ነበር፤ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረስኩም፣ ልኬቴ በስንዝርና በጣት ነው። ዶሮዎቹ ያበላሹትን ልብስ ፈትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁና በላዩ ቆረጥኩ። ከፋዩ ሲደረብ የስፌት መኪናው መርፌ እየተሰበረ አስቸገረኝ፤ እሱን ትቼ በእጄ ሰፋሁት።

ባለቤቴ አጭር ሰው ነበር። መሪው ጀርባ ሲቀመጥ በኮፈኑ ላይ አሻግሮ ለማየት አገጩን ያወጣል። የፊት ወንበሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ እኔ ምንም ሳልነግረው በሱ በኩል አራት ጣት ያህል ጨምሬ ሞላሁት። መጀመሪያ ቀን ሲቀመጥበት አገጩን ሳያወጣ መንገዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ያየ ሰው ሁሉ በአንድ በኩል ተንሻፏል ይል ነበር። አልተንሻፈፈም። ባሌ ነው።

እንግዲህ ይህ ነው ትራሽ የተደረገው።

ባለቤቴ ሲያርፍ ልጃችን መኪናዋን በመርከብ ወደ ቴክሳስ አስመጣት። እኔም ተከትዬ መጣሁ፤ ከአገር አገር ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መሄድ አይከብደኝም። አሁን ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ከሴት ልጄ ጋር ነው ያለሁት። ሰኞ ጠዋት እሷ ሥራ ስትወጣ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ደረብኩ፣ ካርዱን ይዤ ወጣሁ። ፊደል የቆጠርኩት በትልቅነቴ፣ ያውም አማርኛውን ብቻ ነው። ካርዱን ለአውቶቡስ ሹፌር አሳየሁ፣ ለባቡር ጠባቂ አሳየሁ። ኤርፖርት ያለው የባቡር ጣቢያ ላይ ስወርድ ግራ ገባኝ። ዊልቸር የምትገፋ ያገሬ ልጅ አየችኝና ሮጣ መጣች።

«እማማ፣ ጠፍተው ነው?»

«አልጠፋሁም የኔ ልጅ። ተቆጥቼ እየሄድኩ ነው።»

ሳቋ መጣባት። ካርዱን አነበበችልኝ። «ይሄማ ግሬፕቫይን ነው፣ ቅርብ ነው፤ ግን ብቻዎን አይሆንም።» ስልኳን አውጥታ ለአንድ አበሻ ሹፌር ኮል አደረገች። «በማን ነው የተቆጡት እማማ?» አለችኝ እስኪመጣ።

«በወለድኩት።»

«እንግዲያው ይበርቱ» አለችኝ።

ሱቁ ትልቅ ጋራዥ ነው። ባለሱቁ ነጭ ጢም ያለው ግዙፍ ሰው ነው፤ ሰላም ብሎኝ ምን እንደምፈልግ ጠየቀ መሰለኝ። ዓይኔ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የኋላው ወንበር ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የኔ ከፋይ። በአንዱ ማዕዘን ስፌቱን መፍታት ጀምረዋል፤ ስንዝር ያህል ተቀዷል፣ ምላጩ እላዩ ላይ ነው። ሄጄ ምላጩን አነሳሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ወንበሩ መሃል ተቀመጥኩ። ሰውዬው እጁን ዘርግቶ ሊያነሳኝ ሲል፣ «ኔይ!» አልኩት። በስዊድንኛ አይሆንም ማለት ነው፤ የቸገረኝ ቀን እሱ ነው የሚቀድመኝ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ውሃ አመጣልኝ፣ ለልጄ ሊደውል ስልኩን አነሳ።

ልጄ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረሰ፤ የመጣውም በዚያችው በመኪናዋ ነው።

«እማ! ሰው እንዴት እንዲህ ታስደነግጫለሽ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ተቀምጬ ነው።»

«ተነሺ እንጂ፣ ሰውዬው ሥራ ላይ ነው።»

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

አጠገቤ ቁጢጥ አለ። እንደ ሕፃን ሊያስረዳኝ ጀመረ። «ማለቴ፣ ስሚኝ እማ። በሚቀጥለው ወር የመኪና ሾው አለ። ጀጆቹ፣ ዳኞቹ ማለቴ ነው፣ እያንዳንዱን ነገር ያያሉ። ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር ሲያዩ ነጥብ ይቀንሳሉ። ካሸነፈች የአባዬ ስም መስታወቷ ላይ ይለጠፋል፣ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ለሱ ብዬ እኮ ነው።»

«ስሙን መስታወት ላይ፣ ሰውየውን ቆሻሻ ውስጥ?»

«እንደሱ አይባልም እማ...»

«ታዲያ እንዴት ይባላል? ንገረኝ። ፋብሪካ ውስጥ የማናውቃቸው ሰዎች የሰፉት ኦሪጅናል፣ እናትህ የሰፋችው ያረጀ ጨርቅ። ገበሬው ጎተራ ውስጥ ማንም ኦሪጅናል ብሎ አልፈለጋትም። ዶሮ ነበር ያለባት! ዛሬ የምታብለጨልጨዋ ማን ስላደረጋት ነው?»

«አባዬ ነዋ፣ ማን ይክደዋል?»

«አንተ ካድከው! አንድ ቃል ጠየቅኸኝ? ስልክ ይዘህ ነው የምትውለው። እማ፣ ይህን ልጥለው ነው፣ ምን ትያለሽ፣ ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

ድምፄ ያን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ወዲያ ማዶ መዶሻ ይዞ የነበረው ሠራተኛ መዶሻውን አስቀመጠ። ልጄ ፊቱ ቀላ፤ ለባለሱቁ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለው፣ ይቅርታ መጠየቁ ነው። እሱ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

«እሱን ይቅርታ አትበለው። የፊተኛው የት እንደደረሰ ጠይቀው።»

ጠየቀው። ሰውዬው ኮፍያውን አወለቀ፤ ያኔ ሳይተረጎምልኝ ገባኝ። ዓርብ ዕለት የቆሻሻ መኪና ወስዶታል።

የዚያን ከፋይ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ያን ክረምት መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሲሠራ እኔ ከበላዩ ቁጭ ብዬ ስሰፋ፣ ከሥር እየጮኸ ያወራኝ ነበር፤ ፊቱን ሳላይ ነው ያን ሁሉ ያወራነው። አሁን ያ ወንበር ከሰው ትራፊ ምግብ ጋር የሆነ ጉድጓድ ውስጥ አለ። ልጄ ይህን ይወቅ አይወቅ አላውቅም። ብነግረው ኖሮ ምናልባት አይጥለውም ነበር ይባል ይሆናል። እናት ሁሉን ነገር ልጇን ማስረዳት አለባት እንዴ? ዓይን የለውም?

«እማ፣ ይቅርታ» አለ በመጨረሻ። ጉልበቴን ሊነካ ጎንበስ አለ።

እዚህ ላይ እሺ ማለት ነበረብኝ። እናት ይቅርታ ስትባል ወዲያው እሺ፣ ተወው፣ ትላለች፤ ሌላ አይጠበቅባትም። ስንቱን እሺ ብዬ አልፌያለሁ። አላልኩም።

«ይሄኛው አይነካም» አልኩት የተቀመጥኩበትን እየመታሁ። «ነጥብ ይቀንሱ።»

«እሺ።»

«የተቀደደውን እዚሁ አሁን እሰፋዋለሁ። መርፌና ወፍራም ክር ስጡኝ በለው።»

ባለሱቁ ጫፉ የጎበጠ መርፌ አመጣልኝ፤ ጥሩ መርፌ ነው፣ ይኑረኝ ብዬ ይዤው መጥቻለሁ። ሰፍቼ ስጨርስ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና ለልጄ አንድ ነገር ተናገረ። ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም። ልጄ ሸሚዙ ቅባት እየነካው ወንበሩን በአንድ በኩል አነሳ፣ ሰውዬው በሌላው በኩል፣ ወደ ቦታው መለሱት። እኔም ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። «ፊት ነይ እንጂ» አለኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። እስከ ሌክ ሃይላንድስ ድረስ እንደ ሹፌር ነዳኝ።

ቤት በር ላይ ሲያቆም ሳይዞር፣ «የፊተኛውንም ትሰሪልኛለሽ?» አለኝ።

«ጨርቁን ፈልግ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅ እያመጣ ያሳየኛል። የመጀመሪያው ከፋይ ተብዬ ነው፣ ላስቲክ አለበት። ሁለተኛው የሶፋ ጨርቅ ነው። ሦስተኛው ደህና ነበር፤ ቀለሙን አልወደድኩትም አልኩ፣ ውሸቴን ነው። ሾው የተባለውም አለፈ፣ ሳይሄድ ቀረ። ባለፈው ቅዳሜ አራተኛውን ይዞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «እማ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?» አለኝ። ጨርቁን ተቀብዬ በጣቶቼ መሃል አሸት አሸት አደረግኩት፣ ወደ ብርሃኑም አዙሬ አየሁት።

«ይሄም አይሆንም» አልኩት፣ መልሼ ሰጠሁት።