የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ሻጋታ

ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር፣ አንድ ጥማድ በማትሞላ ማሳ በርበሬ እያለሙ የሚኖሩ መበለት ነበሩ። ባላቸው ደብተራ ነበሩና እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሐሜት አልለቃቸውም፤ የደብተራ ሚስት መተት ሳትማር አትቀርም ይባላል። የሰው ላም ወተት ብትነሣ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ደጅ ነው። እሳቸውም በተራቸው ማንንም አያምኑም።

በ1977 እና በ78 ክረምት አጠውልግ የሚሉት የበርበሬ በሽታ ገባ። በርበሬው አበባ አውጥቶ፣ አሁን ፍሬ ያዘ ሲሉት፣ በቀትር አንገቱን ይደፋል፤ ሲነቅሉት ሥሩ ጠቁሯል። የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ ምርት የማይሰጥ የግል ማሳ ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ይጠቃለል ብሎ ወስኖ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ከደረቀ መሬቲቱ ሄደች ማለት ነው።

በ79 ሰኔ ደሞዝ የሚባል የግብርና ሠራተኛ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ውስጡ የተቀቀለ ማሽላ አለ፤ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሷል። ችግኝ ሲተክሉ ከሥሩ ትንሽ ትንሽ እንዲቀብሩ ነገራቸው።

«ይህ ሻጋታ ሥር የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ይበላዋል። እሾህን በእሾህ ነው፣ እማማ።»

«ያንን በልቶ ሲጨርስስ ማንን ሊበላ ነው?»

ደሞዝ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። መንግሥት በነጻ የሰጠው ነገር መቼ በነጻ ቀርቶ ያውቃል? በርበሬዬን ገድለው መሬቴን ሊወስዱ ነው አሉ በልባቸው። እንቢ ማለትም ያስጠይቃል። ስለዚህ በመንገድ በኩል ላሉት መደቦች ቀበሩ፤ ከቤታቸው ኋላ ላሉት ከለከሉ። ለደሞዝ ግን ሁሉንም አዳርሻለሁ አሉት።

ሲቀብሩ ቢያዝን የሚባል ጎረቤታቸው በአጥር በኩል አይቷል። ያየውንም አልረሳም።

መስከረም ላይ የአገሩ በርበሬ ጠወለገ። በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው የወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል በርበሬ ብቻ ለምልሞ ቆመ። ይሄኔ ቢያዝን አፉን ከፈተ፤ ወሬው ገበያ ሳይደርስ ማኅበሩ ጠራቸው። ደሞዝ ይመስክርልኝ እንዳይሉ፣ ለመንደር ምሥረታ ወደ አንበሳሜ ተልኳል።

ቢያዝን ቆሞ ተናገረ። «እህል ከሥር ሲቀብሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የሁላችን ሲረግፍ የእሳቸው ለምን ለመለመ? የእኛን በመተት ስበው ካልሆነ?»

ሊቀመንበሩ አበራ መልስ ይስጡ አላቸው። ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል ነጠላቸውን አጠበቁ። እውነቱን መናገር ማለት መዋሸታቸውን ማመን ነው።

«ያ ልጅ መድኃኒት ነው ብሎ ሰጠኝ፤ አላመንሁትም። ለእኩሌታው ከለከልሁና ሁሉንም አዳርሻለሁ ብዬ ዋሸሁት። ከቤቴ ኋላ ሂዱና እዩ። መተተኛ የራሷን በርበሬ ታደርቃለች?»

ሸንጎው ተነሥቶ ሄደ። ከቤቱ ኋላ ያለው በርበሬ እንደ ገለባ ደርቋል። አበራ ከወዲያም ከወዲህም አንድ አንድ እግር ነቅሎ ሥሩን ጎን ለጎን ያዘ፤ አንዱ ጠቁሯል፣ አንዱ ነጭ ነው። ገረመው መሰለኝ፣ ሥሮቹን ደጋግሞ አገላበጠ። መሬቱ በእሳቸው እጅ ይቆይ ብሎ ፈረደ።

በሳምንቱ ቢያዝን መጣ። አልገባም፣ አጥሩ ላይ ቆመ። ደሞዝ ሲመለስ ለእኔም ያንን ማሽላ ያምጣልኝ፣ ይንገሩልኝ አለ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ ምን ብለው ነው የቀበሩት?»

«ምንም አላልሁ።»

«አይደብቁኝ እንጂ።»

ካልነገሩት እንደማይሄድ ገባቸው። «እንግዲያስ አቡነ ዘበሰማያት ድገምበት።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየእግሩ አንድ አንድ።»

አመስግኖ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመለሰ።

«ደብተራው ያስተማሩዎ ይቺን ብቻ ነው?»