አባባን ያቆየው በረዶ

ልጅ እያለሁ በረዶን የእኔን ያህል የሚወድ ሰው አልነበረም። እዚህ ሚኒሶታ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት ዓይናችንን እያሸን በመስኮት አይተን “ምናለ ዛሬ ስኩል በተዘጋ!” እንል ነበር። እኔም እል ነበር። አንድ ዊንተር ላይ ግን ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ በረዶው እስካለ ድረስ አያቴ አይሄድም።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ክሪስታል ከተማ ወዳለው አፓርትመንታችን የመጣው በዲሴምበር ብርድ ነው። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባባ ነበር የምለው። “አንተ” ስለው አባቴ ይቆጣኛል፣ አባባ ግን “ተዋት፣ ደስ ይለኛል” ይል ነበር። አገር ቤት ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በአንዲት ትንሽ የአየር ጠባይ መመዝገቢያ ጣቢያ ነው። ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያውን ያያል፣ ሙቀቱን ያነባል፣ ቀና ብሎ ደመናውን ያያል፣ ይጽፋል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ግቢው ውስጥ የራሱን መለኪያ ተክሎ እንደቀጠለ እናቴ እየሳቀች ትነግረን ነበር።

እኛ ቤት በገባ በማግስቱ ከሐበሻ ሱቅ በነፃ የተሰጠንን የግድግዳ ካሌንደር ከኩሽና አውርዶ መስኮቱ አጠገብ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ የየቀኑን ሰማይ እዚያ ላይ ይጽፍ ጀመር። “ደመና። ነፋስ ከሰሜን። በረዶ አለ።” አባቴ የትራክ ሾፌር ነው፣ የአየሩን ነገር ከስልኩ ላይ ነው የሚያየው። “አባባ፣ ምን አደከመዎት፣ ስልክዎ ላይ እኮ ሁሉም አለ” ይለዋል። አባባ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ “ስልኩ ወጥቶ አይቶታል?” ይላል። አንድ ቀን አሞት ተኝቶ ዋለና የዚያን ቀን ቦታ ባዶውን ተወው። እኔ ልሙላልህ ብለው “ያላየሁትንማ አልጽፍም!” ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ በፊት ተቆጥቶኝ አያውቅም።

እሱ ከመምጣቱ በፊት ከስኩል ባስ ስወርድ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እናቴ በአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ድርብ ሺፍት ትሠራለች፣ አባቴ መንገድ ላይ ነው። አንገቴ ላይ ባንጠለጠልኩት ቁልፍ በሩን ከፍቼ እገባለሁ፣ ቴሌቪዥኑን አበራለሁ፣ በቃ። አባባ ከመጣ በኋላ ግን የአባቴን ትልቅ ጃኬት ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ እየታየ ፌርማታው ላይ ይቆማል። ልጆቹ ይስቁበታል። ይሳቁ! እኔን የሚጠብቀኝ ሰው አለኝ። ይህን አሁን የምጽፍበትን አማርኛ ያቃናልኝም ከፌርማታው እስከ ቤት በምንሄድባት አጭር መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ የመመለሻው ወሬ ሲነሳ ምርር ብዬ አለቀስኩ። አባባ ጭንቅ አለው። “በይ ሚጡ፣ በረዶው ከመሬት ላይ ሳይጠፋ አልሄድም” አለኝ።

“ሙሉ በሙሉ?”

“ሙሉ በሙሉ። ካሌንደሩ ላይ ‘በረዶ የለም’ ብዬ ስጽፍ ያኔ እሄዳለሁ።”

የእኔ የዋህ አባባ፣ ሚኒሶታን መች ያውቃታል! ኤፕሪል ላይ ሣሩ ብቅ ብቅ ሲል የመሄጃውን ቀን መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ ድንገት አንድ ጉደኛ በረዶ ወረደ። ሰዉ ሁሉ ሲራገም እኔ ሳሎን ውስጥ እዘላለሁ። “ይቺ ልጅ ጤና የላትም” አለች እናቴ። የበረዶ ጠራጊው መኪና የፓርኪንጉን በረዶ ገፍቶ ገፍቶ ከሕንፃው ጀርባ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ ከመረው። ከአባባ ቁመት ይበልጥ ነበር።

ሜይ ገባ። ልጆች በቁምጣ ብስክሌት ይነዳሉ፣ ያ ክምር ግን ጠቁሮ፣ ጠጠርና የጫት ላስቲክ ተሸክሞ አለ። ከስኩል ስመለስ እኔና አባባ ሄደን እናየዋለን። ከዘራውን አስደግፎ ይለካውና “አለ” ይላል። “አለ!” እላለሁ። እንዳይቀልጥብኝ ከቆሻሻ መጣያው ካርቶን እየለቀምኩ አለብሰው ነበር። አባባ ካርቶኑን ያያል፣ ግን አንድም ቀን ምንም አላለኝም።

“አባዬ፣ ይሄ እኮ ቆሻሻ ነው” አለችው እናቴ አንድ ቀን።

“ሲነኩት ይቀዘቅዛል?”

“ይቀዘቅዛል።”

“እንግዲያው በረዶ ነው” ብሎ ጻፈው። ቲኬቱም ተራዘመ።

አንድ ቀን ከባሱ ስወርድ ፌርማታው ላይ አጣሁት። ደንግጬ ሮጥኩ። ቤት ስገባ አገር ቤት ከቀረችው ሴት አያቴ፣ ከእማማ ጋር ስልክ ያወራል። ጆሮው ስለሚደክም ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ነው የሚያደርገው። “አንተ ሰውዬ፣ በረዶ አገባህ እንዴ?” ትለዋለች። አባባ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም በሩ ጋ ቆሜ አፌን ይዤ ሳቅኩ። ከዚያ የእማማ ድምፅ ዝቅ አለ።

“ጠዋት ጠዋት አንተ የምትቆምበት ቦታ ቆሜ ሰማዩን አያለሁ። ምን እንደሚል ግን አላውቅበትም። የሚነግረኝ ሰው የለ።”

አባባ ወደ ካሌንደሩ ቀና አለ። “ትንሽ ነው የቀረው። ለልጅቷ ቃል ገብቼላታለሁ፣ እንዴት አድርጌ ቃሌን ልጠፍ?” አላት።

ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም። የአባቴን አካፋ ይዤ ወጣሁ። ካርቶኖቹን ገፍፌ ጣልኩና ክምሩን በአካፋው መታሁት፣ መታሁት። ላዩ እንደ ድንጋይ ነው፣ ውስጡ ግን አሁንም ነጭ ነበር። እየፈነቀልኩ፣ እየጎተትኩ ፀሐዩ ላይ በተንኩት። እንባዬና ንፍጤ ተደባልቋል። ቀና ስል አባባ ከዘራውን ተደግፎ ቆሟል።

“ምን እያደረግሽ ነው ሚጡ?”

“እማማ ትጠብቅሃለች” አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከኪሱ መሀረብ ሲያወጣ አየሁ። ቆይቶ ሲመለስ “አግዘኛ!” አልኩት። “እኔ መዝጋቢ ነኝ፣ የምመዘግበውን አልነካም” አለኝና ጃኬቴን ተቀብሎኝ አጠገቤ ቆመ። ጨርሼ አካፋውን እስክጥል ድረስ አልሄደም። ውሃው አስፋልቱ ላይ ኩልል እያለ ወደ ፍሳሹ ሲወርድ አብረን አየነው።

በማግስቱ ጠዋት ወጥተን አየን፣ ጥጉ እርጥብ ብቻ ነበር። ካሌንደሩ ፊት ስንቆም እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠኝ። በተጣመመ ፊደሌ “በረዶ የለም” ብዬ ጻፍኩ። በሳምንቱ ሸኘነው። ተመልሶ ሊመጣ ነበር፣ ከዚያ ኮቪድ መጣና ዓለም ሁሉ በሩን ዘጋ፣ እሱም በዚያው ዓመት እማማ አጠገብ አረፈ። አጠገቧ መሆኑ ያጽናናኛል። ግን ናፈቀኝ፣ እንዲህ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ሥራዬ እዚሁ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ነው። ዊንተር ሲመጣ እንደ ሰው ሁሉ እማረራለሁ፣ መኪናዬ በረዶ ውስጥ ሲቀረቀር እራገማለሁ። ኤፕሪል ላይ ሲቀልጥ አብረውኝ የሚሠሩት “እፎይ፣ ተገላገልን!” ይላሉ፣ እኔም “እፎይ” እላለሁ። ያኔ እባክህ አትቅለጥብኝ እያልኩ እለምነው ነበር። ዛሬ ቀለጠም አልቀለጠም፣ የሚሄድብኝ ሰው የለም።