ዝናብ ያለበት ሲዲ

ባለፈው ሳምንት መርካቶ፣ አሮጌ ሲዲ ከተቆለለበት መደብ ላይ ፊቱ የተቦጫጨረ የኳስ ጌም አነሳሁ። ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «3» ተብሎ ተጽፎበታል። የላስቲክ ሽፋኑ ሽታ ጣቴ ላይ ሲቀር፣ የቦንጋ ዝናብ የሚደበድበው ቆርቆሮና ያ እርጥበት የሚሸት ጌም ቤት አንድ ላይ መጡብኝ።

አትሳቁብኝ እንጂ ያኔ በኳስ ጌም እኔን የሚችል ወንድ ጠፍቶ ነበር። የጌሙን ሦስተኛ እትም ግን ማንም አይወደውም፤ ሁሉም «ኤሊው» ነበር የሚለው። ሁለተኛው ላይ ተጫዋቾቹ ይበራሉ። ሦስተኛው ላይ ይዘንባል፣ ሜዳው ይጨቀያል፣ ዝም ብሎ የሚያስሮጥ ሰው ጨዋታው ሳያልቅ ልጆቹ ይደክሙበታል። የሚወደው ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበር። ማንኪራ ጫካ የንብ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ከወደቀ ወዲህ የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ልብ አይታዘዙትም ነበር። ቀስ ብሎ ያቀብላል፣ ይጠብቃል፣ መጨረሻ ላይ ያገባል። እኔ ደግሞ አራተኛው እንዲመጣ ብቻ ነበር የምፈልገው።

አንድ ቀን የጌም ቤቱ ባለቤት ሦስተኛውን በአራተኛው ሊቀይሩ በማግስቱ ጅማ ሊሄዱ ሆነ። ወንድሜ ለመናቸው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን ይተዉልኝ።»

«እንግዲያው ከእህትህ ጋር ተጫወት» አሉት። «ካሸነፈችህ ይዤው እሄዳለሁ። ካላሸነፈችህ ይቀራል።»

ገና እንደተጀመረ አገባሁበት። ከዚያ በኋላ ግን የእኔ ልጆች እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። እጄን አላበው፣ ጆይስቲኩ ያሟልጨኝ ጀመር። ወንድሜ የእሱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹ እንኳ ሳይሰማ፣ ያቀብላል። ባለቤቱ በበሩ የሚገባውን ውሃ ሊጠርጉ ዞር አሉ። ዘጠናው ደቂቃ ሊሞላ ሲል ኳሷ በጭቃው ላይ ቀስ ብላ ተንከባለለች፣ በረኛዬ ወደቀ፣ መስመሩን አለፈች። ወዲያው መብራት ጠፋ።

«ገባች እንዴ?» አሉ ባለቤቱ ከበሩ።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ከእኔና ከእሱ በቀር ያየ አልነበረም።

«አልገባችም» አልኩ።

አራተኛው መጣ። ወንድሜ አንድ ቀን ሞከረው፤ ሰባት አገባሁበት። የሩጫውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ አቅቶት ጣቶቹን በሌላ እጁ ሲገፋ ያየሁት ያኔ ነው። ሦስተኛውን ለምን እንደሚወደው የገባኝም ያኔ ነው። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ጌም ቤት አልረገጠም። አፈርኩ።

ቅዳሜ ሲዲውን ለወንድሜ ይዤ ቦንጋ ሄድኩ። ማጫወቻ እንኳ የለውም። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው።

«ያኔ ገብታ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ሲዲውን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞረ። «ይሄኛውም ላይ ይዘንባል?»