አፍንጫ የሌላቸው ቤት ሲያዩ

እህቴን ሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም። «በረኪና» ነው የሚሏት። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ድርጅት ውስጥ በቆሻሻው በኩል ትሠራለች። ድርጅቱ መሃሉ በግድግዳ የተከፈለ ነው፤ በአንዱ በኩል ቆሻሻው ይገባል፣ በሌላው ንጹሑ ይወጣል። እኔ በንጹሑ በኩል ካውያ ላይ ነበርኩ። እሷ ከረጢት ትፈታለች፣ አንሶላ ታራግፋለች፣ ደም የነካውን ለብቻ፣ ሌላ ነገር የነካውን ለብቻ ትለያለች። ሌላ ነገር ስል ምን እንደሆነ ባልዘረዝር ይሻላል። መግል የጠጣ ፋሻ ተጠቅልሎ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከትራስ ልብስ ውስጥ ወጥቶላታል።

«ከሆስፒታሉ የሆቴሉ ይብሳል» ትለኛለች። «በሽተኛ ቢያንስ ያፍራል።»

በዚህ ሥራ ልጅ አሳድጋለች፣ ባል ቀብራለች፣ አርጅታለች። በረኪናው እጇን ልጦ ልጦ ተወው፤ አፍንጫዋን ግን ጨርሶ ወሰደው። ምንም አይሸታትም። በቆሻሻው በኩል የቆዩት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ሲያጥወለውላቸው የነበረው ነገር አንድ ቀን ይተዋቸዋል፤ ሥራውን የለመዱት ይመስላቸውና ደስ ይላቸዋል። እኔ ቤቷ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ድስቷን ከፍቼ ማሽተት ነው። «ይሄ ተበላሽቷል፣ ድፊው» እላታለሁ። ሳታቅማማ ትደፋዋለች። በሌላው ነገር ሁሉ ትከራከረኛለች፣ በአፍንጫዬ ግን ታምነኛለች።

አምና ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና ድርጅቱ ወደ ጎረቤት ክልል ሊዛወር ነው አለን። ሽቶ ተነክሮ የሚውል ሰው ነው፤ ከእኛ ጋር ሲነጋገር ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል።

«እዚያ መሬቱ ርካሽ ነው። እናንተም ብትሆኑ ትጠቀማላችሁ፤ ኑሮው በግማሽ ነው» አለ።

ደሞዛችንም እንደሚቀንስ የነገረን ሊወጣ ከተነሳ በኋላ ነው። መዛወር ያልፈለገ እዚሁ እየኖረ በሠራተኛ ሰርቪስ መመላለስ ይችላል፤ የሰርቪሱ ሒሳብ ከደሞዙ ይቆረጣል። ያንንም ያልፈለገ በሩ ክፍት ነው። ይህን ሁሉ ሲናገር «አመስግኑኝ» የሚል ፊት ነበረው። እጅ እጅ አለኝ።

እህቴ ግን ፊቷ በራ። አንዲት ልጇ ልትወልድ ተቃርባ ነበር። የልጅቷ ባል የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ አይገኝም፤ እናቷ ጋ ልትታረስ መጥታለች። የእህቴ ክፍል ደግሞ አልጋው ግድግዳውን ይነካል፣ ጠረጴዛው አልጋውን ይነካል፣ በሩ ሲከፈት ጠረጴዛውን ይመታል። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ አለው፤ ከሰልፉ በኋላ የሚጠብቀውን አልናገርም።

«እዚህ በምከፍለው ኪራይ እዚያ ሁለት ክፍልና የራስ ሽንት ቤት ይገኛል» አለችኝ፣ ከሥራ መልስ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠን። «ልጄ አራስ ሆና እዚህ ሰልፍ አትይዝም።»

«ደሞዝሽ ሲቀንስስ?»

«ቤቱ ይክሰዋል። አንቺ ይልቅ የሰርቪሱን አስበሽዋል? ሳይነጋ ወጥተሽ ከመሸ ልትገቢ። የቀረሽን ዕድሜ አፍሽን ከፍተሽ መኪና ላይ ልትተኚው ነው?»

«እዚያ ገበያውም ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው አሉ። ለአንዲት ሳሙና ታክሲ ልትሳፈሪ ነው። በኪራይ ያተረፍሽውን መንገድ ይበላዋል።»

«ሟርተኛ!»

«እሺ፣ ቤቱን ሳላየው አትክፈዪ።»

ልጇ አልጋው ላይ ሆዷን ደግፋ ጋደም ብላለች። «አክስቴ፣ ተያት» አለችኝ። «እማዬ ገና ሳታየው መጋረጃውን ሰቅላ ጨርሳለች።» ሦስታችንም ሳቅን። እንደዚያ የሳቅንበት ቀን ብዙ አይደለም።

ቤቱን ግን ሳላየው ተከራየችው። ለቆሻሻው በኩል ሠራተኞች ቤት እንዲያዩ ፈቃድ ሲሰጣቸው እኛን ካውያ ላይ አቆዩን። እህቴ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿን ይዛ ከአንድ ደላላ ጋር ሄደች። ሦስት ሴቶች፣ ስድስት ዓይን፣ አንድም አፍንጫ የለም።

ከዚህ በፊት የተታለለ ሰው ቤት እንዴት እንደሚያይ ያውቃል። ቧንቧውን ከፈቱ፣ ግድግዳውን አንኳኩ፣ ኮርኒሱ ላይ ዝናብ የጣለው ምልክት እንዳለ አንጋጠው ፈለጉ። ከበሩ እስከ አዲሱ መሥሪያ ቤት በእግራቸው ሄደው አዩት፤ ቅርብ ነው። መንገዳቸው ላይ የተሻገሩት ቦይ አረፋ ስላለው የእጥበት ውሃ መሰላቸው። ደላላው መሐረቡን ከአፍንጫው ላይ ሳያነሳ ነበር ያስጎበኛቸው። «ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዛችሁ ብዬ ነው» አላቸው። እህቴ አንጀቷ ተንሰፍስፎ ሎሚ በሙቅ ውሃ እንዲጠጣ መከረችው። የሰፈሩ መስኮት በዚያ ሙቀት ሁሉም ዝግ ነው። ይህንንም አዩት። «ጨዋ ሰፈር ነው» ተባባሉ፤ «ሰው የሰው ቤት አያይም።»

ቅድሚያውን እዚያው ከፍላ፣ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልላ መጣች። ሌሎቹ ሁለቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ተከራዩ። ስቆጣት «ሦስት ሆነን አይተነዋል፣ አንቺ ምን የተለየ ልታዪ ነው?» አለችኝ። የአፍንጫው ነገር ትዝም አላለኝም።

ዕቃዋን ባዛወርንበት ቀን እኔና ልጅቷ የተከራየነው ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነበርን፤ እህቴ ፍራሿን ተደግፋ ከኋላ። የክልሉን ወሰን የሚያሳየውን ታፔላ አልፈን ትንሽ እንደሄድን ሹፌሩ መስኮቱን ዘጋ። ነገሩ ግን በዝግ መስኮትም ይገባል። የሞተ ከብት ሽታ ነው እንዳልል ከዚያ ይወፍራል፤ ጥርስ ላይ ይቀመጣል፣ ምላስ ላይ ጨው ጨው ይላል። የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ከግንቡ ሥር ክፍት ቦይ ይወጣል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውሃ፣ ላዩ ላይ አረፋና ተላጭቶ የተጣለ የከብት ፀጉር ይንሳፈፋል። አዲሱ ድርጅታችን ከቦዩ ወዲያ ማዶ ነው። የእህቴ ቤት ወዲህ ማዶ።

መኪናው ሳይቆም ልጅቷ በሩን ከፍታ አስመለሳት። ወርዳ ጎማው ላይ ተደግፋ ደገመችው።

«መንገዱ ነው ያናወጣት» አለች እህቴ ከላይ እየወረደች። «የኔ እናት፣ ግቢና አረፍ በዪ።»

«እማዬ፣ ምንድን ነው የሞተው?»

«ምን ሞተ?»

«ኧረ እማዬ! አይሸትሽም?»

እህቴ ልጇን አየቻት፣ ሹፌሩን አየችው፤ በሸሚዙ ኮሌታ አፍንጫውን ሸፍኗል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። እጇ ላይ ቁልፉ አለ።

«እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አለችኝ።

እንደ ድስቱ ጊዜ ነበር የጠየቀችኝ። ዋሽቼ ብገላግላት ደስ ይለኝ ነበር። «ይከረፋል» አልኳት። «ሰው አይኖርበትም።»

አልተከራከረችኝም። የተዘጉትን መስኮቶች አንድ በአንድ ስታያቸው ቆየች። ባልደረቦቿ ዕቃቸውን አስገብተው በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ምንም አልሸተታቸውም፣ እንኳን ደህና መጣሽ እያሉ እጃቸውን ያውለበልቡላታል።

ለደላላው ስልክ ደወለች። ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል። ጉንፋኑ ለቆታል።

«ቤቱ ያፈሳል?» አላት።

«አያፈስም፣ ግን…»

«ውሃ የለውም?»

«አለው።»

«እንግዲያው ምን አደረግኩሽ? እኔ ቤት እንጂ አየር አላከራየሁሽም!» ብሎ ዘጋው።

ለእሷ ቤቱ ምንም አልነበረውም። ሁለት ክፍል፣ የራሷ ቧንቧ፣ ሥራዋ በእግር መንገድ። ገብታ ብትተኛ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ልጅቷ ግን ደጁንም አልረገጠችም፤ ጋቢና ገብታ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች። እህቴ በሩን ከፈተች፣ ገባች፣ ውስጡን ዞራ አይታ ወጣች። ቆለፈችው። ሹፌሩን «መልሰን» አለችው።

የከፈለችው ቀረ። የድሮ ክፍሏ ለሌላ ሰው ተከራይቶ ስለነበር ወደ እኔ ክፍል ገቡ። አሁን አልጋዋ ከአልጋዬ ይነካካል።

እንግዲህ ሰርቪስ ሆነ። ሳይነጋ እንሳፈራለን፤ ሰው ገና ያላለቀ እንቅልፉን ይዞ ይገባል፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል፣ ለሀጩ የጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይወርዳል። ኩርባው ላይ አንዱ ፌስታል ይጠይቃል። ፌስታሉ ሁልጊዜ ቀዳዳ ነው። ስንደርስ ያ ሽታ ይቀበለናል፤ ማታ ይዘነው እንመለሳለን። ልብስ ላይ፣ ፀጉር ላይ፣ ጥፍር ውስጥ ይገባል።

ልጅቷ ሴት ወለደች። እህቴ የመጀመሪያ ቀን ከሥራ ስትመለስ እጇን ዘርግታ ገባች።

«እማዬ፣ ሳትታጠቢ እንዳትነኪያት!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ ክፋት የላትም፤ ሽታው ነው። በማግስቱ እህቴ ለሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ታጥቦ የሚወጣበት ቦታ እንዲሠራልን ነገረችው። «ውሃው ለማሽኖቹ ነው» አላት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ። ቀኑን ሙሉ የሰው እድፍ የሚታጠብበት ቤት ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ በባልዲ እንታጠባለን። እሷ ታጥባ ስትጨርስ መልቀቁን አታውቅም። አንገቷን ወደ እኔ ታዘነብላለች። «ለቀቀኝ?» እኔ ፀጉሯን፣ ብብቷን፣ ክንዷን አሸታለሁ። «ገና ነው፣ ድገሚ» ወይም «ለቋል፣ ግቢ» እላታለሁ። እስክነግራት ድረስ እንደ ሕፃን ዓይኗን ጨፍና ትቆማለች። ከዚያ ሮጣ ገብታ የልጅ ልጇን ታቅፋለች።

በዚህ መሃል ከቆሻሻው በኩል ሰዎች ሥራውን እየጣሉ ሄዱ። በእነሱ ቦታ እኔን ከካውያ አንስተው አስገቡኝ። መጀመሪያ ሰሞን አጥወለወለኝ፤ ምሳዬን ሳልበላ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ከዚያ ተወኝ። ለመድኩት አልኩ።

ባለፈው እንደልማዳችን ታጠብን። እህቴ አንገቷን ሰጠችኝ።

«ለቀቀኝ?»

አሸተትኳት። ምንም የለም። «ለቋል» ልላት አፌን ከፈትኩና ሳሙናው ትዝ አለኝ። አሁን የታጠበችበት ሳሙና አንገቷ ላይ አረፋው አለ። ጠጋ ብዬ ደግሜ ሳብኩት። እሱም የለም።

«ልድገም?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

ዓይኗን ገልጣ ትክ ብላ አየችኝ። ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሄደችና በሩን አንኳኳች። ልጅቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ሕፃኗን እንዳቀፈች አንገቷን ብቻ አወጣች። መጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥሎ እኔን አሸተተች።

«ሁለታችሁም እንደገና» ብላ ዘጋችው።

እህቴ ባልዲውን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። እኔም ሳሙናውን ይዤ ተከተልኳት።